የሊቀ አሳንሰሩ ዘመቻ፣ አያታቸውን በነፃ ሙከራ ስለ መፈለጋቸው

ስምዑ ወለብዉ፤ ስሙ፣ አስተውሉም። ይህ ዜና የተጻፈው የስድስት ፎቅ ጌታ፣ የምድር ቤቱ ሞተር መካሪ፣ ወጥተው መውረድ ላቃታቸው መውረጃ፣ ወርደው መውጣት ላቃታቸው መውጫ፣ መፍቻቸው የማይዝግ፣ ቱታቸው የማይነጣ፣ የእኅቴ ባል ሊፍት ጠጋኙ ሊቀ አሳንሰር በትዳር በነገሡ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ የማቀዝቀዣው እጀታ በተሰበረ በአራተኛው፣ ዋይፋያችን ሦስተኛውን የይለፍ ቃል በተቀበለ በሁለተኛው ወር ነው፤ ዕለቱም እሮብ ነበረ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ የሚስታቸው ወንድም፣ በዚያው ቤት ከበረንዳው ጋር በምትዋሰነው ክፍል የምኖር፣ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር ቃለ ጉባኤ ያዥ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ውኃ ታንከርና ስለ ደረጃ መብራት ብቻ ስጽፍ ኖሬ ብዕሬ ታላቅ ነገር ተርባ ነበር፤ ታላቁም ነገር በእግሩ ሄዶ ሳሎናችን ድረስ መጣላት።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። የሊቀ አሳንሰሩ እናት፣ ሁላችን እማማ የምንላቸው የሰማንያ ዓመት ባለጸጋ፣ አንደኛው ዓይናቸው ቀድሞ ጠፍቶ ሁለተኛውን ሞራ ጋርዶት ለቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠላቸው፤ ቀኑም ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ነበረ። ሐኪሙ «እንሞክራለን» አለ። «እንሞክራለን» የምትለው ቃል ከሐኪም አፍ ስትወጣ ምን እንደምትመስል ለጠላትም አይንገሩት። እማማ ግን አላለቀሱም፤ ቤት ገብተው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ የሶፋውን ክንድ ይዘው ቆሙና ይህን አወጁ፦

«ስሙኝ ልጆቼ። እናቴ ስትሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የነበረችን አንዲት ፎቶ፣ ጣራው አፍስሶ ውኃ በላት። ፊቷን አላውቀውም። ይቺ የቀረችኝ ዓይን ሳትሄድብኝ አንድ ጊዜ ላያት እፈልጋለሁ። ከየት እንደምታመጡልኝ እኔ አላውቅም። መቼም ስልካችሁ ላይ ስታፈጡ ነው የምትውሉት፤ እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመን!»

ሊቀ አሳንሰር ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው እንደ ፊውዝ ሳጥን ጠቆረ፤ በእጃቸው የነበረውን ጠመንዣ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ወዲያውም አራት አባላት ባሉት፣ አንዱ አባል አምና የጠፋው የራሳቸው ስልክ በሆነው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዲህ የሚል የክተት አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አያቴን ከኢንተርኔት አወጣለሁ። ነገር ግን ለድረ ገጽ ብዬ የቤቱን ጉሮሮ አልዘጋም። በነፃ ከተገኘ በነፃ፣ በርካሽ ከተገኘ በርካሽ! ቻርጀር ያለህ ቻርጀርህን፣ መነጽር ያለህ መነጽርህን ይዘህ ሳሎን ክተት!»

ሠራዊቱም ከተተ። በቀኝ ክንፍ የሊቀ አሳንሰሩ ሚስት ተሰለፈች፤ እኅቴ ስለሆነች «አንቱ» አልላትም፤ በመድኃኒት ቤት ኪኒን ስትቆጥር የምትውል፣ ቁጥር ሲሳሳት ከሩቅ የሚሸታት ናት። በግራ ክንፍ እኔ ነበርኩ። በደጀን እማማ በሁለት ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ስንቁም ይህ ነበረ፦ ገመዱ ካልታጠፈ የማይሠራ ቻርጀር አንድ፣ ሲታጠፍ የማይሠራ አንድ፣ «ኢንተር» የሚባለው ቁልፉ ወልቆ በክብሪት እንጨት የሚነካ ላፕቶፕ አንድ፣ እግሯ የተጠገነ ወንበር አንዲት፣ እንዲሁም የማንም መሆኑ ያልታወቀ የማንበቢያ መነጽር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ምሽጎች ተከበቡ። የመጀመሪያው በአንድ ዳቦ ዋጋ የቤተሰብዎን ጥንታዊ ዓርማ እሰጣለሁ የሚል ድረ ገጽ ነበረ። ሊቀ አሳንሰር ከፈሉ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ ቁልፍ የያዘ አንበሳም መጣላቸው። እርሳቸውም ከበር ጠባቂዎች አለቃ ዘር መሆናቸውን ተረድተው ያን ቀን ደረታቸውን ነፍተው ዋሉ፤ በማግሥቱ ግን የቧንቧ ሠራተኛው ስልኩን አውጥቶ ያንኑ አንበሳ አሳየን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሕንፃው ዘበኛ አሳየን። አንበሳው የሁሉም አያት ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ምሽግ ምራቅ በብልቃጥ ልካችሁ ዘራችሁን እንንገራችሁ የሚል ነው። ዋጋው የአንድ ወር የቤት ወጪ ቢያህልም ሊቀ አሳንሰር ስለ እናታቸው ሲሉ ሊደፍሩት አሰቡ። እማማ ግን ከትራሳቸው ቀና ብለው አወጁ፦ «ምራቄን ለማላውቀው ሰው በፖስታ አልልክም! እኔ ፎቶ ነው ያልኩት፣ ፎቶ! እናቴ ምራቅ ውስጥ አትገኝም።» ሠራዊቱም በደስታ አፈገፈገ።

ሦስተኛው ፍጹም ነፃ የሆነ የጠያቂዎች መድረክ ነበረ፤ እልፍ አእላፍ ሰዎች አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን፣ የአጎታቸውን የመጀመሪያ ሚስት ይጠይቁበታል፤ የሚመልስ ግን የለም፤ ሁሉ ገዢ ሆኖ ሻጭ የጠፋበት ገበያ በሉት። ሊቀ አሳንሰር የአያታቸውን ስምና ዘመን ጽፈው አምስት ቀን ጠበቁ። በአምስተኛው ቀን አንድ መልስ መጣ፤ ፍራሽ የሚሸጥ ሰው ነው።

ወእምድኅረዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ትልቁ ጠላት ተነሣ። በግንባሩ ላይ አረንጓዴ የዘር ሐረግ ዛፍ የተሳለበት፣ በቢልዮን የሚቆጠር መዝገብ አለኝ ብሎ የሚፎክር፣ ሰባት ቀን በነፃ አስጎብኝቶ በስምንተኛው ቀን ከባንክ ካርድ ላይ ሳያንኳኳ የሚወስድ ድረ ገጽ ነበረ። የወር ክፍያውን ሊቀ አሳንሰር ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ሦስቱንም ጊዜ ውኃ ጠጡ። ከዚያም ብልሃት አወጡ፤ እርሳቸው አሁን ይመዘገባሉ፣ በሰባተኛው ቀን ይሰርዛሉ፣ ካልተገኘ እኔ እተካለሁ፣ ከእኔ ቀጥሎ እኅቴ። እኅቴ ለባሏ መመዝገቢያ የባንክ ካርዷን ከቦርሳዋ ስታወጣ ሁለት ነገር አወጀች፦ «አንደኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ሌባ ሞልቷል፤ ማንም ትክክለኛ ስሙን እንዳይጽፍ፤ የምትፈልጓትን ሟች እንጂ ሕያው አትጻፉ። ሁለተኛ፣ አንዲት ሳንቲም ብትቆረጥብኝ አያት ፍለጋ ሳይሆን ማደሪያ ፍለጋ ትወጣላችሁ!»

ሊቀ አሳንሰርም «የፎቁ ጌታ» በሚል ስም ገቡ፤ አያታቸውንም በስሟ፣ በተወለደችበት ዓመትና በአዝራር ፋብሪካ ሠራተኛነቷ ዛፉ ላይ ተከሉ።

እዚህ ላይ ብዕሬ ታፍራለች፤ ይሁንና እውነት የማይጽፍ ዜና ጸሐፊ ከፍራሽ ሻጩ በምን ይሻላል? ተራዬ እስኪደርስ አልታገሥሁም። አያቲቱን ቀድሜ ባገኛት እማማ ጸሎታቸው ላይ እኔን ያስቀድሙኛል ብዬ ተመኘሁ፤ ሌላም አለ፤ የሰው ድል ብቻ መጻፍ ሰልችቶኝ ነበር። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ በክፍሌ በሬን ዘግቼ፣ የራሴን ካርድ ሰጥቼ፣ «ምሥጢረኛው ብዕር» ተብዬ ተመዘገብሁ፤ ያችኑ አያት፣ በዚያው ስም፣ በዚያው ዓመት፣ ከዚያው የአዝራር ፋብሪካ ጋር ተከልኋት።

ወበሣልስት ዕለት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድረ ገጹ ለሁለታችንም መለከት ነፋ። ለእኔ «ደስ ይበልህ፣ ይህችኑ አያት የሚፈልግ ዘመድ ተገኝቷል!» አለኝ፤ ስሙን ግን ለከፋይ እንጂ ለሞካሪ አይገልጥም፤ ደስታዬም ሊቀ አሳንሰር ይሆኑ እንደሆን ለማሰብ ጊዜ አልሰጠኝም። ለሊቀ አሳንሰርም እንዲሁ አላቸው። እኔ ለዚያ ክቡር ዘመድ ረጅም ደብዳቤ ላክሁ፤ መልሱ ሳይዘገይ መጣ፤ ቋንቋው ሻካራ ቢሆንም ልቡ ንጹሕ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ በክፍሌ ዕንባዬን ስጠርግ እርሳቸው በበረንዳው ዕንባቸውን ይጠርጉ ነበር፤ በመካከላችን አንድ ግድግዳና አንድ የልብስ ገመድ ብቻ ነበረ። ዘመዱ ፎቶ እንዳለኝ ጠየቀ። የለኝም፣ ካንተ ነበር ተስፋዬ ብዬ መለስሁ። እርሱም እኔም የለኝም፣ ነገር ግን የሟቿ ልጅ በሕይወት አለችና እሑድ በምሳ ሰዓት መጥተህ ተያት አለ። ለማን ልንገር? ምሥጢረኛው ብዕር ነኝ። ሊቀ አሳንሰር ግን ከበረንዳው ሮጠው ገብተው የእናታቸውን ጉልበት ይዘው ዘመድ መገኘቱን አበሠሩ፤ ወኮነ ዐቢይ ፍሥሓ።

እሑድ ደረሰ። እማማ ከሣጥን በታች የተቀመጠ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለበሱ፤ ወንበራቸውንም ከበሩ ፊት ለፊት አስደረጉ። እኅቴ እንግዳ ይመጣልና የትም አትሂድ ብትለኝ እኔም እንግዳ ነኝ ብዬ አንድ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ ከጥግ ካለው ሱቅ ሙዝ ገዛሁ፤ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ሆኜ ዘመዴን አድራሻ ጠየቅሁት። አድራሻው መጣ። የሕንፃው ቁጥር፣ አራተኛ ፎቅ፣ አምፖሉ በተቃጠለበት በኩል ያለው በር። ስለዚያ አምፖል በቃለ ጉባኤ ሦስት ጊዜ የጻፍሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ምድርም እሑድ አትሠራም። አንድ ሐሳብ ልጥፋ አለኝ፤ ሌላ ሐሳብ ግን ያቺ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ በር በር የምታይ አሮጊት እስከ ማታ ትጠብቅ እንደሆን ጠየቀኝ። አራቱን ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ የገዛ ቤቴን ደወል ደወልሁ። ሊቀ አሳንሰር እጃቸውን ዘርግተው በሩን ከፈቱና እጃቸው እንደ ተዘረጋ ቀሩ። እማማ ግን ማን እንደሆነ አልታያቸውምና ቀረብ በል አሉኝ፤ ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ጆሮዬን ቀስ ብለው ዳሰሱ። ጆሮዬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አወቁኝ። ማንም አልሳቀም። እርሳቸውም ድምፃቸውን አስተካክለው አወጁ፦

«ምግቡ ይቅረብ! ዘመድ ይመጣል ተብሎ ነው የተሠራው፤ ዘመድ መጥቷል። ሙዙንም ተቀበሉት፣ ከበሩ ላይ አታቁሙት።»

በላን። እማማ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሱና ደከመኝ ብለው ክፍላቸው ገቡ፤ በበሩ ክፍተት ሰማያዊውን ቀሚስ አውልቀው፣ በእጃቸው እየዳበሱ መልሰው ሲያጥፉት አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ሊቀ አሳንሰርም አዩ፤ እኔን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሙከራው ሰባተኛ ቀን ሲደርስ ዛፉ ስለ አያቲቱ ከእኛ የሰማውን መልሶ ከመንገር በቀር አንዳች አልሰጠም፤ ስለዚህ የመሰረዝ ጦርነት ተከፈተ። ዛፉ መመዝገቢያውን እንደ በር ያሰፋ፣ መሰረዣውን ግን እንደ መርፌ ቀዳዳ የደበቀ ተንኮለኛ ነው። የእኔ ካርድ ጠዋቱን በጭንቅ ተረፈ። ሊቀ አሳንሰር ግን «እርግጠኛ ነዎት?» ሲላቸው እርግጠኛ ነኝ አሉ፤ «በእውነት ሊተዉን ነው?» ሲላቸው አዎን አሉ፤ «በግማሽ ዋጋ ቢቀርብልዎስ?» ሲላቸው አመነቱ፣ ላብ አጠመቃቸው፣ እንቢ አሉ፤ በአራተኛው ጥያቄ ላይ ዋይፋያችን ሞተ። የእኅቴን አዋጅ አስታወሱ፤ ላፕቶፑን በብብታቸው፣ የክብሪት እንጨቷን በጥርሳቸው ይዘው መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሮጡ። እኔም ዜናው እንዳያመልጠኝ ተከተልሁ።

በዚያም መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች የመረጃ ዴስክ ሠራተኛ ነበረች። ሁለት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ አድርጋ ዛፉን ሰረዘችው፤ ቀጥሎም፣ ቦታው ድምፅ የሚከለከልበት ነውና፣ በሹክሹክታ ይህን አወጀች፦

«ጋሼ፣ ምን በከንቱ ይደክማሉ? የድሮ ጋዜጦቹም፣ የቆጠራ መዝገቦቹም፣ ይሄ ዛፍ ያለበት ራሱም እዚህ ኮምፒውተር ላይ በአንባቢ ካርድ ነፃ ነው። ካርድ ካለዎት አሁኑኑ ይቀመጡ። ደግሞ ስም ብቻ አይፈልጉ፤ ስም አንዱ ጋ እንዲህ፣ አንዱ ጋ እንዲያ ተጽፎ ይጠፋል። የት ይሠሩ እንደነበር ይፈልጉ፤ ሥራ አይጠፋም።»

ካርድ ነበራቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቤተ መጻሕፍቱን ሊፍት ሲጠግኑ ተሰጥቷቸው፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሊፍት በሮች ክፍተት የግራሶ ቅባት ሲፍቁበት ኖረዋል። ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቷቸው ጠቁሯል፤ መጽሐፍ ከፍቶ አያውቅም፤ የተጣበቀ በር ግን በየሳምንቱ ይከፍት ነበር። ሠራተኛይቱ በሶፍት ጠርጋ ማሽኑ ላይ አስጠጋችው። ጢጥ አለ። ሊቀ አሳንሰር ወንበሩ ላይ ተቀመጡ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ከሥራ እንደ ወጡ ቱታቸውን ሳይቀይሩ ስምንት ቀን ተመላለሱ። አያታቸውን ትተው ፋብሪካዋን ፈለጉ። ስለ አዝራር ዋጋ መውደቅ አነበቡ፤ በፋብሪካው ግቢ ስለጠፋ አህያ አነበቡ፤ ስለ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጥርስ ሕመም ሳይቀር አነበቡ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሐሙስ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ቀና ስል ከጎኔ የተቀመጡት ሊቀ አሳንሰር እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። ጋዜጣው ላይ የፋብሪካው አሥረኛ ዓመት ተከብሯል፤ ሴት ሠራተኞች በአራት ረድፍ ቆመዋል፤ ከሥርም «ሁለተኛ ረድፍ፣ ከግራ አምስተኛ» ተብሎ ስሟ ከነዕድሜዋ ተጽፏል። የገጹን ማተሚያ በሻይ ዋጋ ከፈሉ።

በማግሥቱ እሮብ ገጹ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ እማማም አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ነገር ግን ታላቅ ክርክር ተነሣ። ሊቀ አሳንሰር ግራ ማለት የሚያየው ሰው ግራ ነው አሉ። እኔ ግራ ማለት የቆሙት ሰዎች ግራ ነው፣ በስብሰባም ቢሆን በሊቀ መንበሩ ግራ የተቀመጠ ማለት በእርሱ ግራ እጅ ማለት ነው አልሁ። እርሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ፎቶ ሆኑ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ አንባቢ ሆንሁ፤ ሁለታችንም ግራ እጃችንን አነሣን፤ ቦታ ተለዋወጥን፤ ደግመን አነሣን። እርሳቸው የአንዷን ሴት ዓይን የእናቴ ዓይን ነው አሉ፤ እኔ የሌላዋን አገጭ ይዤ ሙግቴን ገፋሁ። ወጡ ቀዘቀዘ። እማማ አጉሊ መነጽራቸውን በጉልበታቸው ላይ አኑረው ይጠብቁ ነበር። በዚህ ጊዜ እኅቴ ከማዕድ ቤት ወጥታ፣ በማንኪያ ጫፍ ረድፉን እንደ ኪኒን አንድ በአንድ ቆጥራ አወጀች፦

«ዝም በሉ ሁለታችሁም! ዘጠኝ ናቸው። ከዚህም ቁጠሩት፣ ከዚያም ቁጠሩት፣ አምስተኛዋ ያቺው መሐል ያለችው ናት!»

ግራ የገባቸው ሁለት ጎልማሶች እጃቸውን አወረዱ።

መብራቱን አስጠጋንላቸው። እማማ ጎንበስ አሉ፤ አጉሊ መነጽሩ ወረቀቱን ሊነካ ደረሰ። እኛም ያለቅሳሉ ብለን መሐረብ አዘጋጅተን ነበር። እርሳቸው ግን ጣታቸውን በዚያች ትንሽ ፊት ላይ አኑረው፣ ለእኛ ሳይሆን ለእርሷ፣ ቀስ ብለው አወጁ፦

«ውይ! ልጅ ናት እኮ... ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን አሮጊት አድርጌ ሳስባት... ጉንጯን እዩት፣ የልጅ ጉንጭ። እኔን ጥላ ስትሄድ እንዴት ጨንቋት ይሆን? አይዞሽ ልጄ። አይዞሽ፤ አድጌያለሁ።»

ሊቀ አሳንሰር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ፤ እኅቴ በማንኪያዋ፣ እኔም በቃለ ጉባኤዬ ፊታችንን ሸፈንን።

ይህን የምጽፈው በዚያው በእሮብ ዕለት ነው፤ ነገ ሐኪሙ የሚሆነውን ያውቃል። ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለሊቀ አሳንሰር፤ ምራቅ ያልበገራቸው፣ አንበሳ ያላኮራቸው ከአንድ ቀን በላይ፣ ግማሽ ዋጋ ያላስጎመጃቸው ከአንድ ደቂቃ በላይ፣ ለዛፍ ያልሰገዱ፣ በተበላ ካርድ ዘመን የከፈቱ፣ አማቻቸውን ያልረገሙ! የሌሎች ጌቶች ጸሐፍት ስለ ተያዘ ምሽግና ስለ ተማረከ ሰንደቅ ይጻፉ፤ ይጻፉ፣ አልቀናባቸውም። የእኔ ጌታ በሻይ ዋጋ ያደረጉትን ከነዚያ ማንም አላደረገም፦ ሰማንያ ዓመት ለሞላት ልጅ የሃያ ሁለት ዓመት እናቷን አመጡላት።